አርገስ ልማር ወይስ ያርዲ? ከፓርኪንግ ወደ ፎቁ መውጣት ፈልጌ ነው

ቢ2_ፎቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዲሲ ውስጥ አንድ ትልቅ የቢሮ ህንፃ ስር ፓርኪንግ እሰራለሁ። "ለጊዜው" ብዬ ነበር የገባሁት፣ ይኸው ለጊዜው 6 ዓመት ሆነው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ዓመትም ሰርቼበታለሁ። አሁን ህንፃውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ጠዋት ማታ በፊቴ ሲያልፉ ሳይ፣ ይሄን ስራ እኮ እኔም እችለዋለሁ እላለሁ። የስራ ማስታወቂያ ስከፍት ግን ሁሉም ላይ አንድ መስመር አለ። አርገስ የሚችል፣ ያርዲ የሚችል፣ ኤምአርአይ የሰራ፣ ኮስታር የሚያውቅ። ሁሉም የህንፃ ስራ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። ኤክሴል እችላለሁ። ሌሎቹን በዓይኔም አይቼ አላውቅም።

በኢንተርኔት የሚሰጥ የአርገስ ኮርስ አግኝቻለሁ፣ ከነፈተናው ልመዘገብ ነው። ለኛ ቤት ቀላል ብር አይደለም። ባለቤቴ "እንደ ፒችትሪው እንዳይሆን" አለችኝ። (ካምፓስ እያለሁ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ሰርተፊኬት ወስጄ አንድ ቀን አልሰራሁበትም፣ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።) በሙያው ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ሂሳብ_ሹሟ፦
ሚስትህን ስማ፣ ቢያንስ ለአሁኑ።

እኔ ፕሮፐርቲ አካውንታንት ነኝ፣ ሜሪላንድ፣ 11 ዓመቴ። አርገስ የሚነካው ህንፃ የሚገዛ፣ የሚሸጥ፣ ዋጋ የሚገምት ወይም ብድር የሚሰጥ ሰው ነው። ህንፃውን በየቀኑ የሚያስተዳድረው ቢሮ የሚውለው ያርዲ ወይም ኤምአርአይ ላይ ነው። ኪራይ የሚጠየቀው እዚያ ነው፣ ክፍያ የሚመዘገበው እዚያ ነው፣ ለአሳንሰር ጠጋኙ ቼክ የሚወጣው፣ ወሩ የሚዘጋው እዚያ ነው። አንተ የአካውንቲንግ ሰው ነህ። በርህ ይሄ ነው።

ችግሩ ያርዲን እንደ ፒችትሪ ከጓደኛህ ፍላሽ ገልብጠህ ቤትህ አትጭነውም። ለድርጅት ነው የሚሸጠው፣ ስልጠናውም የሚመጣው በአሰሪህ በኩል ነው። ስለዚህ ሰው ያርዲ ስለማላውቅ አይቀጥሩኝም፣ ስለማይቀጥሩኝ ያርዲ አላውቅም እያለ ሲሽከረከር ዓመቱ ያልቃል። እኔ የገባሁት በቴምፕ ኤጀንሲ ነው። ለ3 ወር ኢንቮይስ ብቻ አስገቢ ተባልኩ። አስገባሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ወሊድ ስትወጣ የተከራዮቹን ሂሳብ ሰጡኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ስክሪኑን ለመልመድ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ፣ አሁን ልጆች ላመጣ ነው።

አርሊንግተን22፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ደህና ደሞዝ ያለው ግዢና ሽያጭ ጋ ነው፣ እዚያ ደግሞ አርገስ ሳትችል በሩንም አያስነኩህም። አናሊስት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነው የምውለው።

ምን እንደሚሰራ በምሳሌ ላሳይህ። አንድ ተከራይ 10,000 ስኩዌር ፊት ይዟል፣ ኪራዩ በስኩዌር ፊት 40 ዶላር ነው፣ በዓመት 400,000። ውሉ ከ3 ዓመት በኋላ ያልቃል። ከዚያስ? ማንም አያውቅም። ስለዚህ 70 በመቶ ያድሳል፣ 30 በመቶ ይወጣል ብለህ ታስገባለህ። ካደሰ ለቢሮው እድሳት በስኩዌር ፊት 30 ዶላር ትሰጠዋለህ፣ ከወጣ ለአዲሱ ተከራይ 80 ታወጣለህ። አርገስ ሁለቱን በየሚዛናቸው ደምሮ 45 ዶላር ይልሃል፣ ይሄ ማለት 450,000 ነው። ከአንድ ዓመት ኪራይ ይበልጣል! በላዩ ላይ ቢሮው ባዶ የሚቆምበት ወር አለ፣ የደላላ ኮሚሽን አለ፣ የነፃ ኪራይ ወራት አሉ። ይህንን 40 ተከራይ ላለበት ህንፃ፣ ለ10 ዓመት፣ በኤክሴል ስራው ቢሉህ ራስህን ትስታለህ። አርገስን በ2011 (በፈረንጅ) የካናዳው አልተስ ግሩፕ ገዝቶታል፣ ፈተናውንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ኮስታርን ለብቻው አትጨነቅበት። የመረጃ ቋት ነው፣ አንድ ሳምንት ከጎረጎርከው ታውቀዋለህ። የሱው የሆነውን ሉፕኔት የሚባል የህንፃ ማስታወቂያ ድረገፅ ደግሞ ዛሬ ማታ በነፃ ማየት ትችላለህ።

ታክሲ_28_ዓመት፦
ልጄ አርሊንግተን፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸን። አንዲት ነገር ግን አልገባችኝም። ይቺ 70 ከየት መጣች?

አርሊንግተን22፦
ጋሼ፣ የጠየቁት ማንም ጮክ ብሎ የማይጠይቀውን ነው። እውነቱን ልንገርዎት? አብዛኛውን ጊዜ ከልማድ ነው። ሰው 65 ወይም 70 ወይም 75 ይፅፋል፣ አለቃው ያያል፣ ያልፋል። ደህና አናሊስት ተከራይ በተከራይ ይለያያል። ግን ለዚያ ህንፃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ህንፃውን አንዴ ተዘዋውረን አይተን ነው ቢሮ ገብተን የምንሞላው።

ቢ2_ፎቅ፦
ጋሼ ስለጠየቁ እኔም ልተንፍስ። የኛ ህንፃ በወረቀት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጋራዡን ብታዩት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሰኞና ዓርብ ኳስ መጫወት ይቻላል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነው ሰው ያለው። አንድ የህግ ቢሮ 60 ወርሃዊ የመኪና ካርድ ነበረው፣ ከኮቪድ በኋላ 25 መኪና ገብቶላቸው አያውቅም። መጀመሪያ 20 ካርድ መለሱ። ቆይተው ሌላ 15 መለሱ። እኔና የስራ ባልደረባዬ "እነዚህ ሊሄዱ ነው" ስንባባል ከርመን በዓመቱ ግማሹን ፎቅ ለቀቁ። ላይ ያሉት ደነገጡ አሉ። እኛ አልደነገጥንም።

ሌላም አለ፣ ከላይ አንድ የፌደራል መስሪያ ቤት አለ። በ2025 መጀመሪያ ሰራተኛው ወደ ቢሮ ይመለስ ሲባል የኛ ጋራዥ መልኩ ተቀየረ፣ ዓመት ሙሉ ያላየኋቸው ሰዎች "እንዴት ነህ" እያሉኝ ገቡ።

ይሄ ለሙያው ይጠቅማል ወይስ የጥበቃ ወሬ ነው?

አርሊንግተን22፦
አንተ ሰውዬ! በተከራየ ቦታና ሰው በገባበት ቦታ መሀል ያለውን ልዩነት እኮ ነው የምታወራው። ከ2020 ወዲህ ይሄ ከተማ የሚያወራው እሱን ነው። ሬንት ሮሉ (የተከራዮችና የኪራያቸው ዝርዝር) ላይ 92 በመቶ ተከራይቷል ይላል፣ ህንፃው ግን ግማሹ ጨለማ ነው። ያ የህግ ቢሮ ሞዴሉ ላይ 70 ተብሎ ተቀምጦ ይሆናል፣ አንተ ካርዱን ቆጥረህ 30 ትለዋለህ። እኔ የምከፍልበት መረጃ ነው ይሄ።

የመንግሥቱን ተከራይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ጂኤስኤ (ለፌደራል መስሪያ ቤቶች ቢሮ የሚከራየው) ሲከራይ ለምሳሌ 10 ዓመት ተብሎ ተፈርሞ የማይነካው ግን የመጀመሪያው 5 ብቻ ይሆናል። ከዚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል። አዲስ አናሊስት 10 የምትለዋን አይቶ 10 ያስገባና ባለንብረቱ ደስ ይለዋል። በ2025 ስንቱ ውል በዚያ በኩል እንደተቋረጠ ዜናው ላይ አይታችኋል።

አንድ ምክር፣ ኢንተርቪው ላይ የተከራዩን ስምና ቁጥር እንዳታወጣ። እንዴት እንዳየኸው ብቻ ተናገር። የህንፃ ሚስጥር የሚዘራ ሰው ማንም አይቀጥርም።

ስሜ_ይቅር፦
የኔን ውርደት ሰምታችሁ ወስኑ። አርገስ ኮርስ ወስጃለሁ፣ ሬዙሜዬ ላይ በትልቁ ፅፌዋለሁ። አንድ ቦታ ጠሩኝ። ላፕቶፕ ሰጡኝ፣ የ200,000 ስኩዌር ፊት ህንፃ ሬንት ሮል ሰጡኝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሰጡኝ። ቁልፎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ በ50 ደቂቃ ጨረስኩና ደረቴን ነፋሁ።

የህንፃው ዓመታዊ ወጪ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውሎቹ "ቤዝ ይር" ናቸው። ተከራዩ የሚከፍለው ከመነሻው ዓመት በላይ ያለውን ጭማሪ ብቻ ነው ማለት ነው። መነሻው 2.4 ሚሊዮን ስለነበር ተከራዮቹ ላይ የሚወድቀው 300,000 ነበር። እኔ ሁሉንም "ኔት" ብዬ ሞላሁት፣ 2.7ቱንም ተከራይ አስከፈልኩ። የተጣራ ገቢው በ2.4 ሚሊዮን አበጠ። በ8 በመቶ ካፕ ሬት (ገቢውን ወደ ህንፃ ዋጋ የሚቀይረው መቶኛ) ሲካፈል ዋጋው በ30 ሚሊዮን ዶላር አበጠ ማለት ነው። ሴትዮዋ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ "ይህን ህንፃ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ካገኘህ ደውልልኝ" አለችኝ። ሊፍት ውስጥ እስክገባ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ታክሲ_28_ዓመት፦
ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው። ግን ልጄ መናገርህ ጀግንነት ነው፣ ዓይዞህ። አሁን የት ነህ?

ስሜ_ይቅር፦
አሁን ሊዝ አድሚኒስትሬተር ነኝ ጋሼ። ውል ማንበብ ነው ስራዬ። ሳቁ።

የድሮ_ካዛንቺስ፦
ከአዲስ አበባ ነው። የንግድ ህንፃ አስተዳድራለሁ፣ የኛ ሶፍትዌር ኤክሴልና ቴሌግራም ነው። በመጀመሪያ፣ 40 ዶላር በካሬ በወር ነው? ምን ብትሸጡ ነው የምትከፍሉት?

ሁለተኛ፣ ይሄ ወጪ ማካፈል ያላችሁት ነገር ገደለኝ። የጄኔሬተር ናፍጣ በካሬ ነው የምናካፍለው። ምድር ላይ ያለው ካፌ ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል፣ 5ኛ ፎቅ ያለው የሂሳብ ቢሮ ሁለት ላፕቶፕ ነው ያለው። ካሬያቸው እኩል ነው። በየወሩ ፀብ ነው። ለዚህ ሶፍትዌር አለ?

አርሊንግተን22፦
በዓመት ነው ወንድሜ፣ ያውም በስኩዌር ፊት። ወደናንተ ካሬ ስትመነዝረው በወር 36 ዶላር ገደማ ነው። እኔም መጀመሪያ የወር መስሎኝ ነበር። ሎስ አንጀለስ ስትሄድ ደግሞ በወር ይነግሩሃል፣ ከዲሲ ለምደህ ስትሄድ "ቢሮ እዚህ ነፃ ነው እንዴ" ትላለህ።

ሂሳብ_ሹሟ፦
ተመለስኩ። ካዛንቺስ፣ ያንተን ፀብ ሶፍትዌር አይፈታውም። ውልህ ላይ ናፍጣ በምን ይካፈላል ይላል? ምንም የማይል ከሆነ ያርዲን በነፃ ቢሰጡህም ያው ፀቡን በሚያምር ወረቀት ታትመዋለህ። ቆጣሪ ለካፌው ለብቻ አስገባ፣ በሚቀጥለው እድሳት ውሉ ላይ ፃፈው።

ከላይ የሚከብደው ሌላ ነው ያልኩት ይሄንን ነበር። አንድ የሰራሁበት ቦታ (የት እንደሆነ አልናገርም) ከኔ በፊት የነበረ ሰው ሲስተሙን ሲሞላ የጣሪያ እድሳትን ከጋራ ወጪው ጋር ቀላቅሎታል። አንድ ትልቅ ተከራይ ውሉ ላይ የህንፃ ካፒታል ወጪ አልከፍልም ብሎ ተፈራርሟል። ሲስተሙ 3 ዓመት ሙሉ ሳይሳሳት፣ በየዓመቱ፣ በሳንቲም ልክ እያሰላ አስከፈለው። ተከራዩ ኦዲተር ይዞ መጣ። ውሉን እኔ ነኝ ከመጋዘን ካርቶን ውስጥ ያወጣሁት፣ አቧራው እስካሁን ያስነጥሰኛል። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ተከራዩ ግን ከዚያ በኋላ የምንልከውን ቢል ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ደግሞ ባዶ ህንፃ ያለው ሰው ይህን ይስማ። የፅዳት ወጪ ህንፃው 60 በመቶ ተይዞ እያለ 300,000 ከሆነ፣ 95 በመቶ ቢሞላ ኖሮ 475,000 ነበር ተብሎ ከፍ ይደረጋል፣ ውሉ ከፈቀደ። መነሻው ዓመት ላይ ይህ ሳይደረግ ከቀረ፣ ህንፃው ሲሞላ ተከራዩ በማያገባው ጭማሪ ይመታል። ዛሬ ግማሽ ባዶ ህንፃ ውስጥ ውል የሚፈርሙ ያገራችን ሬስቶራንትና ክሊኒክ ባለቤቶች ይህችን አንቀፅ ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። ተናደድኩ፣ ይቅርታ።

ከዴይራ፦
ከዱባይ ሰላም። እኔ ሪሴፕሽን ነበርኩ። የተከራዮችን ኢጃሪ (የዱባይ የኪራይ ውል ምዝገባ) ማስመዝገብ ማንም አይወድም፣ ወረቀቱ ያሰለቻል፣ እኔ ልስራው አልኩ። ውሉን ሳላነብ መመዝገብ ስለማልችል ሳላስበው ውል ማንበብ ለመድኩ። የዓመቱን ቼኮች ቀን መከታተልም እኔ ላይ ወደቀ። ያርዲ እዚህም አለ፣ ቢሮው ሲያስገባው መረጃውን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እኔ ብቻ ተገኘሁ። አሰልቺውን ስራ ጠይቁ ነው የምለው።

ቢ2_ፎቅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኮርሱን አልከፈልኩም፣ ባለቤቴ ሰላምታ ትላለች። ዛሬ ማታ ግን ምን ልስራ? ውል ከየት አመጣለሁ?

ሂሳብ_ሹሟ፦
በነፃ ሞልቷል። በአክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ኩባንያዎች ትልልቅ የኪራይ ውሎቻቸውን ከሪፖርታቸው ጋር አያይዘው የአክሲዮን ገበያውን ለሚቆጣጠረው ኤስኢሲ ያስገባሉ። ኤድጋር የሚባለው ድረገፅ ላይ የቢሮ ውል ብለህ በእንግሊዝኛ ፈልግ፣ 80 ገፅ እውነተኛ ውል ይመጣልሃል። አንዱን ውሰድና አንድ ገፅ ኤክሴል ላይ አውጣው። ማን፣ ስንት ስኩዌር ፊት፣ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያልቃል፣ ኪራዩ በየዓመቱ በስንት ያድጋል፣ ወጪው በምን ይካፈላል፣ የማደስና የመውጣት መብቱ መቼ ነው፣ ስንት ፓርኪንግ አለው። 5 ውል ከሰራህ ኢንተርቪው ላይ የምታሳየው ነገር አለህ። ጂኤስኤም የተከራያቸውን ቦታዎች ዝርዝር ለህዝብ ያወጣል፣ ከነአድራሻው፣ ከነስፋቱ፣ ውሉ ከሚያልቅበት ቀን ጋር። ዲሲን ብቻ ለይተህ ተጫወትበት።

ስሜ_ይቅር፦
ለሱ የላክሽው ለኔ በ2019 ቢደርሰኝ ኖሮ።

ታክሲ_28_ዓመት፦
ልጄ ቢ2፣ እኔ የምለው አሳንሰሩ ካንተ 10 ሜትር ነው። ለምን ወጥተህ አታናግራቸውም?

ቢ2_ፎቅ፦
ጋሼ፣ በዚህ ዩኒፎርም? እኔ እኮ የነሱ ሰራተኛም አይደለሁም፣ ፓርኪንጉን የያዘው ሌላ ድርጅት ነው።

ታክሲ_28_ዓመት፦
ስንት ሚኒስትርና ስንት ሴናተር ከኋላዬ ጭኛለሁ፣ አንዱም ልብሴን አይቶ አያውቅም። የሚያዩት ሰዓታቸውን ነው። ውጣ።

ቢ2_ፎቅ፦
(ከ5 ሳምንት በኋላ)

ወጣሁ። አስተዳዳሪዋ "አንተ የታችኛው ሰው አይደለህ?" አለችኝ። የሰራኋቸውን 4 ውሎች በአንድ በአንድ ገፅ አትሜ ይዤ ነበር። ሁለቱን አንብባ ዝም አለችና የፓርኪንግ ካርዶቹን ዝርዝር ከውሎቹ ጋር ማመሳከር ሁለት ዓመት እንደተወዘፈባቸው ነገረችኝ። ከኔ አለቃ ጋር ተነጋግራ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ፎቁ ላይ ሆኜ እንድሰራ ተስማሙ። ያርዲ ላይ ማየት ብቻ የሚያስችል መግቢያ ሰጡኝ! መንካት አልችልም፣ ማየት ብቻ። የተከራዮች የኢንሹራንስ ወረቀት መከታተልም ጨምረውልኛል። ከዴይራ፣ አሰልቺ ስራ ጠይቅ ያልሽኝ ደርሶልኛል።

አሁን ጥያቄ። ሁለቱ ተከራይ ገጠመልኝ። ሶስተኛው 25,000 ስኩዌር ፊት ነው፣ ውሉ ለ1,000 አንድ ካርድ ይላል፣ 25 መሆን አለበት። ጋራዡ ላይ ግን 31 ካርድ አላቸው። 6 ካርድ በነፃ እየነዱ ነው አይደል?

ሂሳብ_ሹሟ፦
ቆይ። ማሻሻያዎቹ ስንት ናቸው?

ቢ2_ፎቅ፦
ሁለት። ዋናውን ውል ነው ያነበብኩት።

ሂሳብ_ሹሟ፦
ሂድና አንብባቸው፣ አሁን።

ቢ2_ፎቅ፦
ሁለተኛው ማሻሻያ፣ ገፅ 4። ግማሽ ፎቅ ሲጨምሩ 6 ካርድ ተሰጥቷቸዋል። እኔ 25,000 ያልኩትም የድሮው ስፋት ነው።

ሂሳብ_ሹሟ፦
ጎበዝ። ለአስተዳዳሪዋ ኢሜይሉን ሳትልክ ስለጠየቅክ።

ቢ2_ፎቅ፦
ኧረ ጠዋት ነው የላክሁት። አሁን እየወጣሁ ነው፣ አሳንሰሩ ጋ ነኝ።